የውጣ ውረድ ቲኬት

ሃያ ሰባት ዓመት፣ በጎህ፣ በጨለማ፣
ከደብረ ታቦር በር ድምፄን ሳሰማ፦
«ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
(አምስት ወንበር ባዶ፤ ውሸቴን ማን ይውቀሰው፤
ረዳት የሚዋሸው ሞልቶ ሊያደርሰው።)

ስንደርስ ግን እኔ የማውቃት ባሕር ዳር
የናፍጣ ሽታ ናት፣ የጎማ ቤት አጥር፤
ጣሪያ ላይ ወጥቼ ገመድ ስፈታታ
በሁለት ሕንፃ መሐል፣ ብልጭ ሲል አንዳፍታ፣
ቆርቆሮ ይሁን ውኃ ያልለየሁት ነገር—
«ረዳት! ማዳበሪያዬን!»
ወረድሁ፣ ጫንሁ፣ ደግሞ ዞሬ ወደ ታቦር።

ጉልበቴ አልታዘዝ ሲል በሩን ለቀቅሁና
ትርንጎ ደወለች፦ «አባ፣ ዓርብ ማታ ና፤
ሁለት ቀን ነው፣ አትፍራ፤ ቲኬት ቆርጫለሁኝ።»
«የምን ቲኬት?» ብላት፣ ስቃ «አውቶቡስ» አለችኝ።

ጣሪያው የተቆረጠ፣ ፎቅ ያለው፣ ሰማያዊ፣
ጎኑ ላይ ጉማሬ፣ ፈገግታው ሰዋዊ።
አንዴ ከፍለህ ቀኑን ሙሉ መውጣት፣ መውረድ፤
ካሻህ ቦታ ወርደህ በኋለኛው መሄድ።
ስሟን ደረቷ ላይ የለጠፈች ልጅ፣ ውባንቺ ትባላለች፣
ማይኩን ጠቅ ጠቅ አርጋ
«የውጣ ውረድ ቲኬት ይዛችኋል?» አለች።
ሳቄን ዋጥሁት።
የውጣ ውረድማ ቲኬት ይቆረጣል?
ሃያ ሰባት ዓመት በነጻ የወሰድሁት፣ ዛሬ ይከፈላል?

ከላይ ተቀመጥን። እጄ በሩን ሻተ፣ ዓይኔ ሰው ቆጠረ፤
ዐሥራ አንድ። ትርፍ የለም። ሒሳብ አልነበረ።
«ጠጋ ጠጋ በሉ!» አፌ ላይ ደርሶ ቆመ፣
ልጄ ጉልበቴን ጫን ስትል ተመልሶ ሰጠመ።

የዘንባባው ጥላ በአናታችን ሄደ፣
የጊዮርጊስ ጉልላት በስተግራ ወረደ።
«እዚህ ጋ ነው ዐባይ ከጣና የሚለየው»
ስትል ውባንቺ፣ ጎንበስ ብዬ ሳየው—
(ድልድዩ ላይ ሁሌ ብር ነው የምቆጥር፤ ቀና ያልሁ አይመስለኝ)
ሒሳብ ሳይጨቃጨቅ፣ በር ሳይንኳኳለት
የሚወርድ ወራጅ! ሃያ ሰባት ዓመት ከሥሬ ያለፈ፣
«አለ» ያላልሁለት።

ከድልድዩ ማዶ፣ ማቆሚያው አጠገብ፣
አንዲት ሴት እጅ አነሱ፤ ዓሣ በፌስታል፣ መጥረጊያ በብብት።
«ፔዳ ታደርሱኛላችሁ?» ውባንቺ ተጨነቀች፦
«እማማ፣ ይሄ ለማየት ነው እንጂ ለመድረስ አይደለም» አለች።

ለማየት ነው እንጂ ለመድረስ አይደለም።
እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ ማንም አላለኝም።

«ወራጅ አለ!» አልሁኝ።
ከሰው ተቀብዬ ለሹፌር ሳቀብል የኖርሁትን ቃል
ለራሴ አላልሁትም እስከዛሬ ድረስ፤
ጉሮሮዬ እንኳ ደንግጧል።
ሹፌሩ ቀጥ አረገው። ይህን ሰምቶ የማያቆም የለም።
እሳቸው ወጡ፣ እኔ ወረድሁ፤ ቲኬቴ በእጃቸው።
ትርንጎ ከላይ «አባ!» ስትል፣
«አድርሻቸው» አልኋት፣ «ፔዳ አድርሻቸው።»

በእግሬ ወደ ውኃው።
የሚጠራኝ የለም፤ የምጠራው የለም።
እምቦጩ ዳር ዳሩን ሐምራዊ አብቦ፣ ጠላት አይመስልም።
ደንገል የጫነ ታንኳ፣ ቀዛፊው ጎረምሳ
«ፋዘር፣ ደሴት ላድርስህ?» አለኝ መቅዘፊያውን ሲያነሳ።
«ደርሻለሁ» አልሁት።
ምን ማለቴ እንደሆን ለእኔም አልገባኝም።
ሲሄድ ሞገዱ መጣ፣ ጫማዬን ነካው፤ አላወለቅሁትም።

ሰዓት አልያዝሁም። ሁለተኛ ዙር ይሁን ሦስተኛው፣
ያ ሣቂታ ጉማሬ ብቅ አለ በዘንባባው።
ትርንጎ ፎቁ ላይ፣ ጎኗ ባዶ ወንበር፣
እጇን አፏ ላይ አርጋ ስትጣራ ነበር፦
«ታቦር! ታቦር የሞላ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!»
ድምፄን ከየት አገኘችው? የእሷ ጉሮሮ ሲያለሰልሰው።

እጄን አወዛወዝሁ፣ መንገደኛ በእኔ ላይ ሲያወዛውዝ እንደኖረው፦
ሂጂ፣ በሚቀጥለው።

አውቶቡሱ ታጠፈ።
ያን ጊዜ በቀስታ፣ ለማንም ሳይሆን፣
በዕድሜዬ መጀመሪያ ሳልዋሽ ጠራሁ፦
ባሕር ዳር።
አንድ ሰው።